ሁለት ሳምንት ዳቦ መተው ምርመራ አይደለም

ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ ከስልክ ወደ ስልክ እየዞረ እኔም ጋ ደረሰ። ሦስት ሰዎች ናቸው የላኩልኝ፤ ሦስቱም ሴሊያክ የሚባል ሕመም እንዳለብኝ ያውቃሉ፣ ስንዴ ውስጥ ያለው ግሉተን የሚባል ፕሮቲን የሚቀሰቅሰው ሕመም ነው። ጸሐፊው የድሬ ልጅ ነው፣ አጻጻፉ ያስታውቃል። የሚለው ባጭሩ ይሄ ነው። ግሉተን የፈረንጅ ጣጣ ነው፣ እኛ ጤፍ በሎች ነን። ቢኖር እንኳ የሆድ ነገር ነው እንጂ ከጭንቅላት ጋር አይገናኝም። ብሬን ፎግ፣ የጭንቅላት ጭጋግ የሚሉት ጫት፣ ሙቀትና ስንፍና ነው። የተጠራጠረ ሁለት ሳምንት ዳቦ ይተውና ይየው። እርሾ የገባበት ነገር ደግሞ ግሉተኑ ስለሚጠፋ አይጎዳም። በዚያ ላይ እንግዳ ተቀባይ ሕዝብ መሀል እየኖሩ «ይሄን አልበላም» ማለት ነውር ነው። ለማስረጃ የእህቱን ታሪክ ያመጣል። እህቱ ሐረር ነው የምትኖረው። ይደክማታል፣ ትረሳለች፣ እግሯን ይነዝራታል፣ ደም ማነስም አለባት። ሁለት ሳምንት ዳቦ አስተዋት፣ ምንም ለውጥ አልታየም። «በቃ፣ ጭንቀት ነበር» ብሎ ዘጋው።

ወንድሜ፣ በድሬ ወግ አንተ ልበልህ። በክፋት እንዳልጻፍከው ይገባኛል፣ ለእህትህ እንደምታስብም ከጽሑፉ ይታያል። ግን እህትህ ያለችበት ቦታ ላይ እኔ አራት ዓመት ቆሜያለሁ። አይቼ ማለፍ አልቻልኩም። ያልከውን በየተራ ልመልስልህ።

ከጤፉ እንጀምር። ጤፍ ግሉተን የለውም፣ እዚህ ላይ እውነትህን ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 የኔዘርላንድ ተመራማሪዎች የኢትዮጵያን ጤፍ መርምረው ለሴሊያክ ሕመምተኛ የሚስማማ እህል መሆኑን ጽፈዋል። ማሽላም፣ በቆሎም፣ ሩዝም የላቸውም። ያለው ስንዴና ገብስ ውስጥ ነው፣ ፈረንጆቹ ራይ በሚሉት እህልም ውስጥ አለ። ግን ጥያቄው አገራችን ምን ታበቅላለች አይደለም። አንተ ዛሬ ምን በላህ ነው። ጠዋት ፉል በዳቦ፣ ካልሆነም ፈጢራ። ምሳ ፓስታ ወይ መኮሮኒ። አስር ሰዓት ላይ ሳምቡሳ በሻይ። ማታ እንጀራ፤ እሱም የተገዛ ከሆነ ጤፉ ላይ ምን እንደተቀላቀለ የምታውቀው የጋገረችው ሴት ናት። ጤፍ ከተወደደ ወዲህ የሚጨመረው ሩዝ ብቻ አይደለም፤ የስንዴ ዱቄትም ገብስም ይገባበታል። ድሬ እኮ እ.ኤ.አ. በ1902 ሐዲዱ ሲደርስ የተቆረቆረች የባቡር ከተማ ናት፣ ዳቦና ፓስታ እዚህ ከጥንትም ቤተኛ ናቸው። አያቴ ገጠር የማሽላ እንጀራና ቂጣ እየበላች ነው ያረጀችው። እናቴ ግማሽ በግማሽ ሆነች። እኔ ጠዋትም ማታም ስንዴ በላሁ። አንድ ቤት፣ ሦስት ትውልድ፣ ሦስት ዓይነት ማዕድ።

የፈረንጅ ነው ላልከው ደግሞ አንድ ነገር ልንገርህ። እስካሁን ከተጠኑት ሕዝቦች መካከል በሽታው እጅግ በርክቶ ከተገኘባቸው አንዱ የምዕራብ ሰሃራ ሕዝብ ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣ ጥናት ከተመረመሩት የሰሃራዊ ልጆች 5.6 በመቶው ላይ ሴሊያክ አግኝቷል። በሌላው ዓለም 1 በመቶ ገደማ ነው የሚባለው። አፍሪካውያን ናቸው፣ የበረሃ ሰዎች ናቸው፣ የግመል ወተት ያደጉበት ነው። ከኛ ጎረቤት ሶማሌ በምን ይለያሉ?

ቀጥሎ «የሆድ ነገር ነው፣ ተቅማጥ የሌለው ግሉተን አያሰጋውም» ያልከው አለ። እኔን የጎዳኝ ይሄ አስተሳሰብ ስለሆነ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ።

ሥራዬ ጨርቅ መሸጥ ነውና በጨርቅ ላስረዳህ። ቬልቬት ታውቃለህ አይደል? ላዩ ላይ ደቃቅ ጸጉር አለው። ትንሹ አንጀታችን ከውስጥ በኩል እንደዚያ ነው፤ ምግቡን የሚመጠው ያ ጸጉር ነው። ሴሊያክ ያለበት ሰው ግሉተን ሲበላ የሰውነቱ መከላከያ ጠላት መጣ ብሎ ይነሳና የራሱን አንጀት ይመታል። ጸጉሩ ይላጫል፣ ቬልቬቱ ሜዳ ይሆናል። ብረት አይገባም፣ ፎሌት የሚባለው ቫይታሚን አይገባም፣ አንዳንዱ ላይ ቢ12ም መዳብም ይጎድላል። ቢ12 እና መዳብ ሲጎድሉ ደግሞ የሚጎዳው ነርቭ ነው። እንግዲህ ተቅማጥ ባይኖርም ችግሩ ወደ ጭንቅላትና ወደ እግር የሚሄድበት አንዱ መንገድ ይሄ ነው።

ሌላም መንገድ አለ፣ እሱ ቀጥታ ነው። እ.ኤ.አ. በ1966 ኩክ እና ስሚዝ የሚባሉ እንግሊዛውያን ሐኪሞች ሴሊያክ ያለባቸውና ነርቫቸው የተጎዳ 16 ሰዎችን ታሪክ ጽፈው አወጡ። መራመድ የሚያስቸግራቸው፣ እጅ እግራቸው የደነዘዘ ነበሩ። ከዚያ እ.ኤ.አ. በ1996 ሼፊልድ የሚሠራው የነርቭ ሐኪም ማሪዮስ ሃጂቫሲሊዩና ባልደረቦቹ ነገሩን ገልብጠው ጠየቁ። የሆድ ሕመምተኛ ነርቩን ያመዋል ወይ አላሉም። ነርቩን አሞት ምክንያቱ ያልታወቀ ሰው ደም ውስጥ የግሉተን ፀረ እንግዳ አካል አለ ወይ አሉ። ከሌላው ሰው በበለጠ ተገኘ። ብዙዎቹ ሆዳቸውን አንድም ቀን አሟቸው አያውቅም። ግሉተን አታክሲያ የሚለው ስም የመጣው ከዚህ ሥራ ነው።

አታክሲያ ማለት ሚዛን ማጣት ነው። ከጭንቅላታችን ኋላ ትንሹ አንጎል የሚባለው ክፍል አለ፤ ስትራመድ እንዳትወላገድ፣ ብርጭቆ ስታነሳ እጅህ እንዳያልፈው፣ ስታወራ ምላስህ እንዳይተሳሰር የሚያደርገው እሱ ነው። እዚያ ፑርኪንዬ የሚባሉ ሴሎች አሉ። በግሉተን አታክሲያ የሚጎዱት እነሱ ናቸው። ከሞቱ አይተኩም። ስለዚህ ቶሎ መድረስ ራሱ መድኃኒት ነው፤ በቶሎ የተያዘ ይሻለዋል፣ የዘገየ የጠፋውን ሁሉ አያገኝም። ከዚህ የሚበዛው ደግሞ የእጅና የእግር ነርቭ መጎዳት ነው፤ መንዘር፣ ማቃጠል፣ መደንዘዝ። አልፎ አልፎ የሚጥል በሽታም ይኖራል። እህትህን እግሯን ይነዝራታል ስትል ይሄን ሳትሰማ አልፈኸው እንደሆነ ነው የገባኝ።

እኔ በሕይወቴ በዚህ በሽታ ምክንያት ተቅማጥ ይዞኝ አያውቅም። እንዲያውም ድርቀት ነው የነበረብኝ።

ስለ ጭጋጉ እንነጋገር። ስንፍና ነው ብለሃል።

አሸዋ ገበያ ብትን ጨርቅ ነው የምሸጠው። ሥራው ጭንቅላት ይፈልጋል። አንዷ ሦስት ሜትር ተኩል ቁረጪልኝ ትላለች፣ በዋጋ ትከራከራለች፣ መሀል ላይ ሌላዋ የሽፎኑን ዋጋ ትጠይቃለች፤ አንዷ በሶማሊኛ፣ አንዷ በኦሮምኛ፣ አንዷ በአማርኛ። ሃያ ዓመት እንዲህ ስኖር ግር ብሎኝ አያውቅም። ከዚያ መሳት ጀመርኩ። ሦስት ተኩል ላለችኝ ሁለት ተኩል ቆርጬ ሰጠሁ። ለአንድ ሰው መልስ ሁለቴ ሰጠሁ። አንድ ቀን መቀስ እጄ ላይ ይዤ የመቀስ ስሙ ጠፋኝ። በአማርኛ የለም። በኦሮምኛ ፈለግኩት፣ የለም። በሶማሊኛም የለም። ዕቃው እጄ ላይ ነው፣ ስሙ ግን በሦስት ቋንቋ ጠፍቷል። ደንበኛዋ ቆማ ታየኛለች። ያን ቀን ሱቁን በጊዜ ዘግቼ ቤቴ ገብቼ አለቀስኩ።

ከድሬ ወደ ሐረር ስትወጣ ደንገጎ ላይ ጭጋግ ወርዶብህ ያውቃል? መንገዱ እዚያው ነው። ሺህ ጊዜ ሄደህበታል። ግን አታየውም፣ ቀስ እያልክ በእጅህ እንደሚዳብስ ሰው ትነዳለህ። ብሬን ፎግ እንደዚያ ነው። የማታውቀው ነገር አይደለም የሚጠፋህ፣ የምታውቀው ነው። ሰነፍ ሰው መሥራት አይፈልግም። እኔ መሥራት እየፈለግኩ ነው ያቃተኝ።

ይሄ የኔ ስሜት ብቻ አይደለም፣ በፈተና ተለክቷል። እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣ የአውስትራሊያ ጥናት ሴሊያክ እንዳለባቸው ገና የታወቀ 11 ሰዎችን ይዞ አንድ ዓመት ተከታተላቸው። ከግሉተን ራቁ፤ በየጊዜው አእምሯቸው ተፈተነ፣ አንጀታቸውም ታየ። አንጀቱ እየዳነ ሲሄድ ቃል የማውጣት ቅልጥፍናቸውና ትኩረታቸውም አብሮ ተሻሻለ። 11 ሰው ጥቂት ነው፣ አውቃለሁ፣ በዚህ ብቻ ዓለም አይዳኝም። እኔ ግን ቃል የማውጣት ቅልጥፍና የሚለውን ሳነብ መቀሴን ነው ያስታወስኩት።

እዚህ ላይ ግን ከጽሑፍህ የምቀበለው አለ። አብዛኛው ድካምና መርሳት ከግሉተን አይመጣም። በርጫ ሲቀመጥ ውሎ ሌሊቱን ሲገላበጥ ያደረ ሰው በማግስቱ ጭንቅላቱ ባይሠራለት አይገርምም፤ ጫት እንቅልፍም ምግብም ይዘጋል። የድሬ ሙቀትም ቀላል አይደለም። ታይሮይድ አለ፣ ስኳር አለ፣ ድብርት አለ፣ ከብዙ የወር አበባ የሚመጣ ደም ማነስ አለ። ቺኩንጉንያ የሚባለው የትንኝ ትኩሳት እ.ኤ.አ. በ2019 ይህቺን ከተማ ሲያጥለቀልቅ ድካሙ ለወራት ያልለቀቀው ሰው ስንት ነው! ስለዚህ የረሳ ሁሉ ሴሊያክ አለበት አልልም። ምክንያቱ ተፈልጎ ይገኝ ነው የምለው። አንተ ሳትፈልግ ነው የፈረድከው።

እኔንም እንዲሁ ነበር የፈረዱብኝ። አራት ዓመት ሙሉ። ታይፎይድ ተባልኩ፣ ታይፈስ ተባልኩ፣ ጨጓራ ተባልኩ። ደም ማነስ አለብሽ ተብዬ ብረት እንክብል ዋጥኩ፤ አለቀ፣ ደግሜ ዋጥኩ፣ ደሜ አልጨመረም። አንድ ክሊኒክ ውስጥ እግሬን እንደሚነዝረኝ ስናገር ሐኪሙ ቀና ብሎ ሳያየኝ «ሐሳብ አታብዢ» አለኝ። ዘመድ ዓይን በልቷት ነው አለ። ፎቅ ስወርድ ግድግዳ መያዝ ጀምሬ ነበር፤ ያየኝ ሁሉ ጫማሽ ነው ይለኛል። መጨረሻ ላይ አንድ ወጣት ሐኪም ወረቀቶቼን ዘርግቶ አንድ ጥያቄ ጠየቀ፦ «ይሄን ሁሉ ብረት ከወሰድሽ የት ነው የሚሄደው?» የሱ ጥያቄ ነው ያወጣኝ። የሴሊያክ የደም ምርመራው ከፍ ብሎ መጣ፣ ከዚያ በኢንዶስኮፒ፣ በአፍ በሚገባ ካሜራ ያለው ቀጭን ቱቦ፣ ከትንሹ አንጀቴ ናሙና ተወስዶ ታየ። ቬልቬቱ ተላጭቶ ነበር።

አሁን በጣም ወዳሳሰበኝ ልምጣ። «ሁለት ሳምንት ዳቦ ይተውና ይየው።»

ይህቺ ምክር ደግ ትመስላለች። ብር አታስወጣ፣ ወረፋ አታሲዝ። ግን ምርመራውን ታበላሻለች። ሴሊያክን ለማግኘት መጀመሪያ የሚታዘዘው የደም ምርመራ ቲቲጂ አይጂኤ ይባላል። የሚፈልገው ሰውነት በግሉተን ተቆጥቶ ያመረተውን ፀረ እንግዳ አካል ነው። ግሉተን ካልበላህ ቁጣው ይበርዳል፣ ከሳምንታትና ከወራት በኋላ ፀረ አካሉ ከደም ውስጥ እየወረደ ይሄዳል፣ አንጀቱም ማገገም ይጀምራል። ያኔ ተመርምረህ የለብህም ብትባል አይገርምም። በሽታው ግን እዚያው አለ። ለዚህ ነው የእንግሊዝ የሕክምና መመሪያ ከምርመራው በፊት ቢያንስ ለ6 ሳምንት፣ በየቀኑ፣ ከአንድ ማዕድ በላይ ግሉተን ያለበት ምግብ ይበላ የሚለው። መጀመሪያ ምርመራ፣ ከዚያ ዳቦ መተው። ቅደም ተከተሉን ያገላበጠ ሰው በኋላ እውነቱን ለማወቅ የሚጎዳውን ምግብ እንደገና ሊበላ ነው፤ አንዴ የተሻለው ሰው ወደዚያ መመለስ ምን ያህል እንደሚከብደው ልነግርህ አልችልም።

ደግሞ ሁለት ሳምንት ለነርቭ ምን ያህል ነው? እኔ ሆዴ የቀለለኝ በወር ውስጥ ነው። ቃላቶቼ መመለስ የጀመሩት በአራተኛው ወር ነው። ደሜ የሞላው ከስድስት ወር በኋላ ነው። የእግሬ ንዝረት ቀንሷል እንጂ ዛሬም ሙሉ በሙሉ አልለቀቀኝም፣ ሐኪሙም ቀድመሽ ብትመጪ ይሻል ነበር ብሎኛል። እንዳንተ ሚዛን ቢሆን እኔም በአሥራ አምስተኛው ቀን «ጭንቀት ነው» ተብዬ ወደ ፉርኖዬ እመለስ ነበር። እህትህ ላይ ለውጥ ያለመታየቱ ምንም አያስረዳም። ማስረጃህ አላጠረም፣ ጭራሽ ማስረጃ አይደለም።

በተቃራኒውም ያሳስታል። ዳቦ ሲተው የተሻለው ሁሉ ግሉተን ነበር ችግሩ ማለት አይቻልም። እ.ኤ.አ. በ2018 የኖርዌይ ተመራማሪዎች ሴሊያክ የሌለባቸውና ግሉተን አይስማማኝም የሚሉ 59 ሰዎችን ሞከሩ። አንድ ሳምንት ግሉተን፣ አንድ ሳምንት ፍሩክታን የሚባለው ስንዴ ውስጥ ያለ ስኳር፣ አንድ ሳምንት ሁለቱም የሌሉበት፤ የሚበሉት የትኛውን እንደሆነ ሳያውቁ። የባሰባቸው በፍሩክታኑ ነው። ፍሩክታን ደግሞ ቀይ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ውስጥም ሞልቷል፣ ማለትም ወጣችን ውስጥ። ሴሊያክ ሳይኖርበት ስንዴ የማይስማማው ሰው አለ፣ ይሄንን ሐኪሞችም ይቀበሉታል፤ ግን የሱ መመርመሪያ ገና የለም፣ ስለዚህ ሴሊያክ እንዳልሆነ ቀድሞ መጣራት አለበት።

የእርሾውን ነገር ቶሎ ልለፈው፣ ስህተት ነው። ቡኮ ስንዴውን አያስክደውም። የተቦካ ድፎ ዳቦ ግሉተን አለው፣ ስንዴ የተቀላቀለበት እንጀራም አለው፣ ከገብስ የተጠመቀ ጠላም አለው። «ትንሽ አይጎዳም» ላልከው፣ ከግሉተን ነፃ ተብሎ የሚሸጥ ምግብ በዓለም አቀፉ መስፈርት በኪሎ ከ20 ሚሊግራም መብለጥ የለበትም። ይሄ በዓይን የማይታይ ነው። እኔ ጤፌን የማስፈጨው የስንዴ ወፍጮ በሌለበት ነው፤ ካልተገኘ ደግሞ ማሽላ ከተፈጨ በኋላ ወረፋ ጠብቄ ነው። ሳምቡሳ በተጠበሰበት ዘይት የተጠበሰ ድንች አልነካም።

ነውር ነው ያልከው ግን ልቤን ነክቶታል፤ እውነት አለውና። ድሬ ላይ ሰው ቤት ገብቶ አለመብላት ይከብዳል። መጀመሪያ አካባቢ ለቅሶ ቤትም ሠርግ ቤትም መሄድ አቁሜ ነበር። ጎረቤቴ አዴ ናት ከዚህ ያወጣችኝ። አንድ ረመዳን ማፍጠሪያ ላይ ጠርታኝ ቀርቼ ቤቴ ድረስ መጣች። ተቀይማ ነበር። ቁጭ ብዬ ሁሉንም ነገርኳት፣ መቀሱንም እግሬንም። ዝም ብላ ሰማችኝና ወጣች። በማግስቱ አዲስ ምጣድ ገዝታ ለኔ ብቻ የማሽላ ቂጣ ጋግራ ላከች። ያ ምጣድ እስካሁን እሷ ቤት ለብቻው ተሰቅሏል፣ ልጆቿ ሌላ ነገር አይጋግሩበትም። ሰዉ ነገሩ ሲነገረው ይገባዋል፣ ወንድሜ። ያልገባው ሰው ያልነገርነው ነው።

እህትህ ዳቦ ካቆመች ስንት ጊዜ ሆናት? ከሁለት ሳምንቱ በኋላ ተመልሳ ከጀመረች ምንም የተበላሸ ነገር የለም። እየበላች ትቆይ፣ አንድ የውስጥ ደዌ ሐኪም ጋ ውሰዳት። ብረት ወስዳ ደሟ ጨምሮ እንደሆነ ንገሩት። እግሯን ከመቼ ጀምሮ እንደሚነዝራት ንገሩት። ቲቲጂ አይጂኤ እና አብሮ ጠቅላላ አይጂኤ ይታዘዝላት፤ አንዳንድ ሰው በተፈጥሮው አይጂኤ የሚባለውን የፀረ እንግዳ አካል ዓይነት ስለማያመርት የመጀመሪያው ብቻውን ሊያሳስት ይችላል። ቢ12፣ ፌሪቲን የሚባለው የብረት ክምችት መለኪያና ታይሮይዷም ይታይ። ምናልባት ሴሊያክ አይሆንም፣ ሌላ ይገኝ ይሆናል፣ እሱም ይታከማል። ከተገኘባት ግን አንተም ክንድህን ስጥ። የቅርብ ዘመድ ከሆኑ ሰዎች ከ10 አንዱ ገደማ ላይ ይገኛል። እኛ ቤት ታናሽ ወንድሜ ላይ ተገኝቷል፣ እሱ አንድም ነገር አሞት አያውቅም ነበር።